ድምፅ የተፈለገላት እጅ

በዚያ ክረምት ጉሙ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በወረደ ቁጥር የላሊበላ ሰው እርስ በርሱ ይጠፋፋ ነበር። መጀመሪያ ሳል ይሰማል፤ ቀጥሎ ኮቴ ይሰማል፤ ሰውየው ራሱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ የሚሰበስቡት ገና በቀን ነበር።

ሰገነት በገበያው አፋፍ ላይ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረቻት። እናቷ ወይዘሮ ባንችይርጋ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ባለቤታቸው መሪጌታ ካረፉ ወዲህ ልጃቸውን ለብቻዋ ትቶ መዋል አይሆንላቸውም። ልጅቷ ትልቅ ሰው መሆኗን ያውቃሉ፤ ግን የእናት ሆድ ዕድሜ አይቆጥርም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከጉሙ ውስጥ አንድ ወጣት ብቅ አለ። በትከሻው ላይ ረዥም ጥቁር ሣጥን ተሸክሟል። ሣጥኑ ለአዋቂ አይበቃም፤ ለሕፃን ግን ይበቃል።

ባንችይርጋ እንዝርታቸውን ጥለው ተነሡ። ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቀዘቁ።

«ወይ ልጄን! የሚያጅበው ሰው እንኳ ይጣ? እግዜር ያጥናህ፣ የኔ ልጅ!»

ወጣቱ ቆመ። ፊቱ በጉሙ ርሷል።

«አሜን፣ እትየ» አለ፤ አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ እንደ ነቃ ሰው ሣጥኑን አየው። «ይቅርታ እትየ፣ ይሄ እኮ ሬሳ አይደለም። ፒያኖ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ።»

«ታዲያ አሜን ያልከው ለምንድን ነው?»

ሰገነት ሳቋን በወረቀት ጋረደች። ወጣቱ ግን አልሳቀም፤ ሣጥኑን ከትከሻው አወረደ።

ስሙ ቃለሕይወት ነው፤ የሙጃ ልጅ። አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ ተመልሷል። ከከተማው በላይ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ቱሪስት በሚበዛበት ወራት ለእራት እንግዶች እንዲጫወት ሥራ ሰጥቶታል።

«ፒያኖ መጫን ፈልጌ ነበር። እዚህ ኢንተርኔቱ ይሻላል አሉኝ» አላት ሰገነትን።

ባንችይርጋ ጣልቃ ገቡ። «ወዴት ነው የምትጭነው? በዚህ ጭቃ በቅሎ አታዋጣህም፤ አህያ ይሻልሃል።»

«እዚህ ላፕቶፕ ላይ ነው የምጭነው፣ እትየ።»

«በዚህች ስስ ነገር ላይ?» አሉ ባንችይርጋ፤ ለላፕቶፑ አዘኑለት።

ሣጥኑን ከፈተው። ነጭና ጥቁር ቁልፎች እንደ ጥርስ ተደርድረዋል። ሰገነት አንዱን ጫን አለችው። ከፕላስቲኩ ቀጭን ኮሽታ በቀር ምንም አልወጣም።

«ተበላሽቷል እንዴ?»

«አይ፣ ከመጀመሪያውም ድምፅ የለውም። እሱ የሚያውቀው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ኃይል እንደተነካ፣ መቼ እንደተለቀቀ ብቻ ነው። ድምፁን የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው ፒያኖ ነው። ብዙ ዓይነት አለ። እኔ የእጅን አነካክ የሚረዳውን እየፈለግሁ ነው።»

ባንችይርጋ አማተቡ። «እጁ እዚህ፣ ጉሮሮው እዚያ! እንዲህ ያለ ፍጥረት አላየሁም።»

ይህን ብለውም በግቢያቸው ጓሮ ያለችውን ክፍል አከራዩት። ማደሪያ ያጣን ሰው መመለስ አልቻሉበትም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ሲቀዱም፣ እንጨት ሲያነሡም፣ ዐይናቸው ወደዚያች በር ነበር።

ቃለሕይወት በየቀኑ ወደ ማምሻው ላይ ሥራ ሲላላ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይመጣል። አንድ ፒያኖ ይጭናል፤ አንድ ቁልፍ ቀስ ብሎ ይነካል፤ ያንኑ ደግሞ አጥብቆ ይመታል።

«ምን ይመስልሻል?»

ሰገነት የመሪጌታ ልጅ ናት። ሕፃን ሳለች አባቷ ከግድግዳ ማዶ ያስቀምጧትና የትኛው ተማሪ እንደሚያዜም በትንፋሽ አወሳሰዱ ብቻ እንድትለይ ያደርጓት ነበር። ድምፁንማ ማንም ይለያል ይሏት ነበር።

«ይሄ ጨዋ አይደለም» አለች የመጀመሪያውን ሰምታ።

«እንዴት?»

«ቀስ ብለህ ብትጠራውም ‹ወይ!› ነው የሚለው፤ ጮኸህ ብትጠራውም ‹ወይ!› ነው የሚለው። ለእኩያም ወይ፣ ለአባትም ወይ። አቤት ማለት አያውቅም።»

ቃለሕይወት ቀና ብሎ አያት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሲያነጋግራት የሚያየው ስክሪኑን ነበር።

«ይሄን ነገር ስንት ዓመት ተምሬ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ የለም» አለ።

«ያስተማሩህ ሰዎች አቤት የሚያስብል አባት አልነበራቸውማ።»

ሳቀ። ሳቁ ዕድሜውን ቀነሰው። ሰገነት ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች፤ የሚኮፕ ወረቀት ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ፒያኖ ከባድ ስለነበረ ወርዶ እስኪያልቅ ብዙ ቀን ፈጀ። ሲጫን ጊዜ ማዳመጫውን ሰገነት ጆሮ ላይ አደረገላት። ድምፁ ከላይ እስከ ታች አቤት የሚል፣ ክብ፣ የሚያምር ነበር። ዐይኗን ጨፍና ስታዳምጥ ከኋላዋ ወንበር ሲንሳጠጥ ሰማች። ቀጥሎም አንድ ሰው ተነፈሰ።

ዞር አለች። ከኋላዋ ግድግዳ ብቻ ነበር።

«ማን ነው የተነፈሰው?»

«እ… እሱ የተቀዳበት ክፍል ነው። ይሄ ፒያኖ የሆነ አገር ውስጥ ያለ እውነተኛ ፒያኖ ነው። አንድ ሰው እያንዳንዱን ቁልፍ ከለስላሳው እስከ ኃይለኛው እየመታ፣ ድምፁ እስኪሞት እየጠበቀ አስቀድቶታል።»

«ሰውየው አሁን አለ?»

«እንጃ።»

«ስለዚህ ሞቶም ቢሆን ይተነፍሳል ማለት ነው።»

ቃለሕይወት ጣቱን ቁልፍ ላይ አሳረፈ። አሮጌው ላፕቶፕ ያንን ሁሉ ቅጂ መሸከም ስላቃተው ድምፁ ከጣቱ ዘግይቶ መጣ፤ እንደ ገደል ማሚቶ።

«አንተ አይደለህም የምትመታው» አለች ሰገነት። «ሌላ ሰው ከኋላህ እየተከተለ የሚመታ ይመስላል።»

እጁን እሳት እንደ ነካው አነሣ። ያን ቀን በጊዜ ወጥቶ ሄደ።

እሑድ ባንችይርጋና ሰገነት ለጠበል ወደ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ ቃለሕይወት «ልሸኛችሁ» አለ። ዋሻው ውስጥ ውሃው ከጣሪያው እየተንጠባጠበ በዘመን ብዛት በተቦረቦሩት ድንጋዮች ላይ ያርፋል። ባንችይርጋ ጸሎታቸውን ሲያደርሱ ሁለቱ ከግድግዳው ሥር ቆሙ።

«ስማ» አለችው በሹክሹክታ። «አንዱ ጠብታ ከሌላው ጋር አንድ ሆኖ አያውቅም። አንተ የጫንካቸው ግን ቁልፉን በነካህ ቁጥር ያንኑ ጠብታ ነው የሚያመጡልህ።»

ረዥም ጊዜ አዳመጠ። «አንድ ሌላ ዓይነት አለ። ቅጂ የለውም። ቁልፉ በተነካ ቁጥር ድምፁን እንደ አዲስ አስልቶ ይፈጥረዋል። ለላፕቶፔም ቀላል ነው። ድምፁ ያን ያህል አያምርም ብዬ ትቼው ነበር።»

«በማማሩ አትምረጥ። ለሚነካው ሰው ይመልስ እንደሆን እይ።»

ከዚያ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ብልክ እናትሽ ውሻ ይለቁባቸው ይሆን?»

«ውሻ የለንም።»

«እንግዲያው ልላክ?»

አንድ ጠብታ ወደቀ፤ ከዚያ ሌላ። «እንዲህ ያለ ነገር ጠበል ቦታ አይጠየቅም» አለች ሰገነት። ከንፈሯ ግን ቀድሟት ፈገግ ብሎ ነበር። ከማዶ ባንችይርጋ አዩአቸውና ጸሎቱ ተደባለቀባቸው።

ሦስተኛው ፒያኖ ተጫነ። እንደ ሰው ፊት ቀለል ያለ፣ ሲያናግሩት የሚለዋወጥ ድምፅ ነበረው። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ መስመሯን ወደ ላይ ሲያነሷት ትንሽ ንክኪ ብዙ ይሰማል፤ ወደ ታች ሲያወርዷት ደግሞ ድምፅ ለማግኘት እጅን መጫን ያስፈልጋል። ቃለሕይወት መስመሯን ወደ ላይ፣ አሁንም ወደ ላይ ይገፋት ነበር።

«ለስላሳው ይሰማ» ይላል። «እጅግ በጣም ለስላሳው።»

ሰገነት እጁን አየች። እርፍ ይዞ ያደገ፣ መዳፉ የሰፋ፣ አውራ ጣቱ ሁልጊዜ ዘግየት የሚል እጅ ነው። ለዚህ እጅ ይህ ሁሉ መልፈስፈስ ምን ያደርጋል? ጠየቀችው፤ ትከሻውን ነቀነቀ። አንድ ሙሉ ዜማ እንዲጫወትላት ስትለምነውም «ሌላ ጊዜ» ይላል።

ከግድግዳ ማዶ ግን ትሰማው ነበር። ከቀትር በኋላ ከጓሮው ክፍል የሚወጣው ዜማ ምንጣፍ ላይ እንደምትሄድ ድመት ለስላሳ ነበር። ሐዘን አለው፤ ግን አያለቅስም። ሰገነት ሥራዋን ጥላ ለዚያ ሰዓት ቤት መምጣት ጀመረች። የእናቷን ቤት ግድግዳ ተደግፋ ትሰማለች፤ ከዚያ ግድግዳ ማዶ ሆና ነው የወደደችው።

አንድ ቀን ባንችይርጋ «ያቺ ልጅ ማናት?» አሏት።

«የትኛዋ ልጅ፣ እማየ?»

«እዚያ ውስጥ የምትጫወተው።»

«ቃለሕይወት ነው እኮ።»

«አይደለም» አሉ ባንችይርጋ። «ያ የሴት እጅ ነው።»

ሰገነት ተቆጣች። የተቆጣችው ግን ጆሮዋ ያንኑ ነገር ሲነግራት ስለሰነበተ ነው።

በነጋታው በከተማው መብራት ጠፋና ሱቋን ቀደም ብላ ዘጋች። ግቢው በጉም ተሞልቷል። ከጓሮው ክፍል ያ ለስላሳ ዜማ ይወጣል። ዛሬስ ገብቼ እጁን አያለሁ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ ከኋላዋ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አንድ ሰው ሳለ።

ኮቴ ተከተለ። ከዚያ ቃለሕይወት ዳቦና ሻማ ይዞ ብቅ አለ።

ፊት ለፊቷ ቆመ። ከበሩ ማዶ ፒያኖው መጫወቱን አላቆመም።

የሰገነት ጠጉር ከሥሩ ቆመ። «ውስጥ… ውስጥ ማን አለ?»

ቃለሕይወት ዳቦውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። ዜማው ወደ ላይ ወጣ፤ ወረደ።

«ሰብሌ ናት» አለ።

በሩን ገፋው። ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። ፒያኖው እንኳ ጥቁር ሣጥኑ ውስጥ ተዘግቶ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። የሚዘምረው ላፕቶፑ ብቻውን፣ በባትሪው ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያሉት ቁልፎች በማንም ሳይነኩ ወደ ታች እየወረዱ ይነሣሉ።

«ሚስቴ ነበረች» አለ። «አብረን ነው የተማርነው። ታመመችና ሞተች። ተዝካሯን ሙጃ አወጣሁ። ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ይሄ፣ ስትጫወት የተመዘገበው አነካኳ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀርቶ አገኘሁት። ድምፅ የለውም፣ ሰገነት። የጣቷ ክብደት ብቻ ነው ያለው። በየትኛውም ፒያኖ ሳሰማው እሷን አልሆን አለኝ።»

ሰገነት ግድግዳውን ያዘች።

«ስለዚህ ጉሮሮውን የመረጥኩላት እኔ ነኝ።»

«ለእኔም ነበር…»

«አይደለም። ያንተ እጅ እንዲህ ያለ መስመር አይፈልግም።»

ወጣች። ዜማው እስከ በሯ ተከተላት።

ባንችይርጋ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። አልተቆጡም፤ ለሰገነት ይህ ከቁጣው ባሰባት።

«ከቆመች ጣውንት ጋር ተጣልቶ መታረቅ አለ» አሉ በመጨረሻ። «ከሞተችው ጋር ግን በየትኛው ሽማግሌ ትታረቂያለሽ? ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ የተኙትን ሙታን አይተሻል። ማንንም አይነኩም፤ ማንም አይጠራቸውማ። ይሄ ልጅ ግን ተዝካሯን አውጥቶ ሲያበቃ በየቀኑ ይጠራታል። የተጠራ ሰው ደግሞ ይመጣል። እኔ አንቺን ሰው ያለበት ቤት ውስጥ አልድርም።»

መስቀል አለፈ። ሽማግሌ አልመጣም፤ ሰገነት እንዳይልክ በአንዲት ቃል አስታውቃው ነበርና። ከጓሮው ክፍልም ምንም አይሰማም። ፀጥታው ግን አላሳረፋትም። ግድግዳውን ስትደገፍ ጆሮዋ የሚናፍቀው ያቺኑ ለስላሳ እጅ መሆኑን አወቀችና ደነገጠች። እናቷ የፈሩት እሱ በሟቿ መያዙን ነበር። እሷ ግን ራሷ ተይዛለች።

በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩን አንኳኳች።

«ልሄድ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነው» አለ ቃለሕይወት።

«ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። በግድግዳ የሰማሁት የሷን እጅ ነው። የወደድኩትም ያንን እጅ ነው። ያንተን አንድም ቀን አልሰማሁም። ሽማግሌ ላክ ልበልህ ወይስ ሂድ ልበልህ፣ የማውቀው ስሰማህ ነው። ተጫወት።»

«የኔ እጅ የገበሬ እጅ ነው። እሷ እንኳ ትስቅብኝ ነበር።»

«እየሳቀች አገባችህ አይደል?»

ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ተወው። ፒያኖውን ከሣጥኑ አውጥቶ አገናኘ፤ ተቀመጠ፤ መታ። ክፍሉ ተናጋ። ጣቱ ያረፈበት ሁሉ ጩኸት ሆነ። ሁለት ጊዜ ሞክሮ እጁን ጭኑ ላይ ጣለ።

«አየሽ?»

«መስመሩ ነው። የተስተካከለው ለሷ ነው። አውርደው።»

«ካወረድኩት የሷ አይሰማም።»

«የሷንና ያንተን መስመር ለየብቻ ማስቀመጥ አይቻልም?»

«ይቻላል።»

«እንግዲያው አስቀምጣት። አጥፋት አላልኩህም፤ እሷን ማጥፋት የኔ ሥራ አይደለም። አሁን ወንበሩ ላይ ያለኸው አንተ ነህ ነው የምልህ።»

ቃለሕይወት መስመሯን እንዳለች ለብቻዋ አስቀመጠ። ከዚያ የሰብሌን ዜማ ከመጀመሪያው አስነሣው። እሷ እየተጫወተች ሳለ መስመሯን ቀስ እያለ ወደ ታች ሳባት። ዜማው ቀጠነ። ሰው ወንዝ ተሻግሮ ማዶ ላይ እያወራ የሚሄድ ይመስል ራቀ፤ ድምፁ ጠፋና ቅላጼው ብቻ ቀረ፤ እሱም ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ግን ቁልፎቹ አሁንም ይወርዳሉ፣ ይነሣሉ። ሁለቱ ሳይተያዩ፣ ሳይነጋገሩ፣ እስከ መጨረሻዋ ቁልፍ ድረስ ጠበቋት። ክፍሉ በርዶ ነበር። ሰገነት አንድ ሰው በአጠገቧ ያለፈ መሰላትና እግሯን ሰብሰብ አደረገች።

ቁልፎቹ ቆሙ።

ቃለሕይወት እጁን አነሣ፤ መታ። የሙጃ ገበሬዎች አጨዳ ላይ የሚያዜሙት ዜማ ነበር። ድምፁ ደልደል ያለ፣ አፈር አፈር የሚል ነው። አውራ ጣቱ ዘገየ። መሀል ላይ ተሳሳተና ቆመ።

«ተሳሳትኩ።»

«ድገመው።»

ደገመው። ያንን ስፍራ አልፎ ሌላ ስፍራ ላይ ተሳሳተ። ሰገነት ሳቀች። እሱም ቁልፎቹን ሳይለቅ ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተሳሳተ። ያን ጊዜ ፊቱን አየችው፤ ላቡ በግንባሩ ወርዷል፤ ዐይኑ እርጥብ ነው፤ የሚያየውም እሷን ነው። ግድግዳው በመካከላቸው አልነበረም።

በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ባንችይርጋ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። መቼ እንደመጡ ማንም አላወቀም።

ቃለሕይወት ደንግጦ ተነሣ። «እትየ…»

«ተቀመጥ። ጨርሰው።»

ተቀምጦ ጨረሰው። መጨረሻው ላይም ሳተ።

ባንችይርጋ ክፍሉን በዐይናቸው ዞሩት፤ ጥጉን፣ አልጋውን፣ ባዶውን ሣጥን። ከዚያ ከደጃፉ አልፈው ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ያቺ ስንት ጊዜ ስሰማት አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም» አሉ። «ሁልጊዜ እዚያችው ላይ ትነሣለች፣ እዚያችው ላይ ትወድቃለች። ያስፈራኝ እሱ ነበር። የሞተ ሰው አይሳሳትም።» ወደ ቃለሕይወት ዞሩ። «አንተ ግን፣ የኔ ልጅ፣ እንዴት ያለ ስሕተት ነው የምትሳሳተው!»

«ለምጄ እስኪሻሻል ነው፣ እትየ።»

«ብዙም አትልመድ» አሉ ባንችይርጋ።

ሰገነት እናቷን አየች። ባንችይርጋ የነጠላቸውን ጫፍ ከአፍንጫቸው አወረዱ፤ ውጭ ጉሙ እየሳሳ ነበር።

«ሽማግሌዎቹ ስንት ናቸው?» ብለው ጠየቁ። «ከሙጃ ድረስ በዚህ ጭቃ በእግር እንዳታስመጣቸው። በቅሎ ላይ ጫናቸው።»